ደሙ የእኔ፣ ስብሰባው የእናንተ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። በእኛ ከተማ በቆቃንድ ግን ባዳነቱ አንሶ ጠላትም ይሆናል። ሰው ሲታመም ሐኪሙ ለልጁ ይነግራል፣ ልጁ ለአጎቱ፣ አጎቱ ለኢማሙ፣ የኢማሙ ሚስት ለዳቦ ጋጋሪዋ። ዳቦ ጋጋሪዋ ጋ የደረሰ ወሬ ደግሞ ከትኩስ ዳቦ ጋር በየቤቱ ይገባል። ሳይሰማ የሚቀረው በሽተኛው ብቻ ነው። እሱ ሮማን እየበላ «ምን ሆኜ ነው?» ይላል፤ እኛ ደግሞ «ምንም አልሆንክ፣ ደም ማነስ ነው» እንለዋለን። ይህንን ደግነት ብለን እንጠራዋለን። እኔ ሌላ ስም አለኝ ለእሱ፤ ኢማሙ ሊያነቡት ስለሚችሉ ግን አልጽፈውም።

የማወራው ስለ ሳሎሃት ኦፓ ነው። ኦፓ ማለት ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ከእሷ በዕድሜ የሚበልጡት ሳይቀሩ እንዲያ ይጠሯታል። እኔ ሆሲያት እባላለሁ፣ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፣ ከእሷ ጋር አንድ ግድግዳ እንጋራለን። ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ ለእኔ አልተነገረኝም። «የሆሲያት አፍ ክዳን የለውም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ የለውም። በዚህም አላፍርም።

ሳሎሃት የሰፈራችን ካይቮኒ ናት። ሠርግ ሲሆን የሴቶቹን ጓዳ የምትመራው፣ የሙሽራው አክስት ከማን ጎን እንደምትቀመጥ፣ በተለይ ደግሞ ከማን ጎን መቀመጥ እንደሌለባት የምትወስነው፣ ጮማውን ለማን አጥንቱን ለማን እንደምትልክ የምታውቀው እሷ ናት። ሰው ሲሞት ደግሞ ከፈኑን የምትቀድ፣ አስለቃሾቹን የምታሰልፍ፣ ለመጣው ሁሉ ዳቦ የምትቆርስ እሷው ናት። በሠርግ የምትጮኸውን ያህል በለቅሶም ትጮኻለች። «አንቺ! ሰው ስለሞተ ሻዩም መሞት አለበት? አሙቂው!» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለቀስተኛው በእንባው መሀል ሳቀ።

ባሏ የጥጥ መኪና ሹፌር ነበር፤ ልጃቸው ዶኒዮር ገና ሳይራመድ በተራራው መንገድ ላይ ሞተ። ሳሎሃት በሰው ሠርግ ሳህን እያጠበች ልጁን አሳደገች። ከሳህን ወደ ካሮት መክተፍ፣ ከካሮት ወደ ሩዝ መልቀም አደገች። ካይቮኒ ብሎ የሾማት የለም። አንድ ቀን በአንድ ሠርግ ላይ የቀድሞዋ ካይቮኒ ታማ ስትቀር ጓዳው ተተራመሰ። ሳሎሃት እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መሀል ገባችና ማዘዝ ጀመረች። ሰዉም ታዘዘ። ይኸው እስከ ዛሬ ይታዘዛል።

የዛሬ ዓመት፣ ወይኑ በሚለቀምበት ሰሞን፣ በአንድ ሠርግ ላይ ትሪ ከእጇ ወደቀ። ሳሎሃት ትሪ ስትጥል ያየ ሰው ስላልነበረ ግቢው ሁሉ አፈጠጠ። እሷ ግን «ሰይጣን ገፋኝ፣ ምን ታፈጣላችሁ፣ ልቀሙት!» ብላ አለፈችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ክንዷ ላይ ማንም ሳይነካት የበለዘ ነገር ይወጣል።

«ኦፓ፣ ክንድዎ ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«ምን አውቄ! ባሌ ከመቃብር እየተነሳ ይደበድበኝ ይሆናል» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ድዷ ላይ ደም አየሁ።

ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ደም ሰጠች። በማግስቱ ከጤና ጣቢያው ስልክ ተደወለ፤ የተደወለው ግን ለእሷ አልነበረም፣ ለዶኒዮር ነው። ዶኒዮር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ጸባየ ሸጋ፣ እናቱን የሚወድ፣ ሰው ቀና ብሎ ሲያየው የሚደነግጥ ልጅ። እናቱን በባቡር ጭኖ ወደ ዋናው ከተማ ወሰዳት።

እዚያ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ከዳሌ አጥንቷ መቅኒ ቀዱላት። ውጤቱ ሲደርስ ዶክተሩ በሩን ከፈት አድርጎ «ልጃቸው ነህ? አንዴ ወደ ኮሪደሩ ውጣ» አለው። ሳሎሃት ወንበሩ ላይ ቀርታ ቦርሳ ጠበቀች። የደሙ ባለቤት ቦርሳ ጠባቂ ሆነች ማለት ነው! ይህንን ባሰብኩ ቁጥር መርፌ ጣቴን ይወጋኛል።

ኮሪደሩ ላይ የተባለውን እኛ በኋላ ነው የሰማነው። ዶክተሩ በሽታው የደም ካንሰር ነው፣ ያውም የሚቸኩለው ዓይነት ነው አለው። ኬሞ የሚባለው ከባዱ ሕክምና በዚሁ ሳምንት መጀመር አለበት፤ ሊሠራም ላይሠራም ይችላል፤ ካልተጀመረ ግን ክረምቱን አታልፍም። ዶኒዮር ግድግዳውን ይዞ «ለእሷ ባንነግራትስ?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተሩም «እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። የቤተሰብ ጉዳይ! የሴትየዋ መቅኒ የቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ዶኒዮር ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ። «ደም ማነስ ነው እማዬ፣ በደንብ መብላት ነው ያለብዎት» አላት። በባቡሩ መስኮት ሮማን ገዝቶ እቅፏ ላይ አስቀመጠ።

ቤት እንደደረሱ አጎት ሮፊቅ ስብሰባ ጠራ። ሮፊቅ የሟቹ ባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ሐሳቡም ወፍራም የሚመስለው ሰው ነው። ወንዶቹ ሮፊቅ ቤት ተቀመጡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሻይ ቀረበ። «ከነገርናት ትሰበራለች» ተባለ። ዕድሜዋን ሙሉ ከፈን ስትቀድ የኖረች ሴት ሞት ሲባል ትሰበራለች! «ጸጉሯ ይረግፋል፣ በባዕድ እጅ ትንገላታለች፣ አላህ ያለው አይቀር፣ ቤቷ ትረፍ» ተባለ። ቀጥሎ ሮፊቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የልቡን ተናገረ። «የደም በሽታ ነው፤ በዘር አለ ይባላል። ነገ የዶኒዮርን ሴት ልጆች ማን ያገባቸዋል?» አለ። ትልቋ ልጅ ገና ፊደል አልቆጠረችም፤ ትንሿ ዳይፐር ላይ ናት። ለእነሱ ባል ሲባል አያታቸው ሳትታከም ትሙት ተብሎ ተወሰነ። ማንም በእነዚህ ቃላት አልተናገረውም፤ የተወሰነው ግን ይኸው ነበር።

እና ምስጢር ነው ተባለ። ሮፊቅ ለኢማሙ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ቅድም ነግሬያችኋለሁ።

የዶኒዮር ሚስት ማፍቱና ቀይ ሥር ስትጨምቅ፣ ጉበት ስትጠብስ ትውላለች። ሳሎሃት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ታዝዛለች። «ጉበት፣ ጉበት! ድመት አደረጋችሁኝ እኮ» ትላለች። ጉልበቷ ግን በየቀኑ ይቀንሳል። እኔ የመጋረጃ ጠርዝ እየዘመዘምኩ አጠገቧ እውላለሁ፤ ደም ማነስ ነው የተባለውን አምኜ «ምስርም ይብሉበት ኦፓ» እላታለሁ።

እንግዶቹ መምጣት ሲጀምሩ ነው ነገሩ የተበላሸው። መጀመሪያ የመጣችው ማህፉዛ ናት፣ የወዲያኛው ሰፈር ካይቮኒ። ሁለቱ በአንድ ሠርግ ላይ በመቀመጫ ነገር ተጣልተው ከተኳረፉ ዘመን አልፏል። ማህፉዛ ዳቦና ጣፋጭ ተሸክማ ገባች፣ ሻዩን ሳትቀምስ እንባዋ መጣ።

«ሳሎሃትዬ፣ እህቴ፣ አፉ ይበሉኝ። ያን ጊዜ ድግስዎ ላይ ሩዙ አልበሰለም ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። በስሎ ነበር። በጣም በስሎ ነበር።»

ሳሎሃት ዳቦውን አየች፣ ማህፉዛን አየች። «መብሰሉንማ አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ለመሆኑ ዛሬ ምን አስታወሰሽ?»

«እንዲሁ… ሰው ነን። አፉ በሉኝ ብቻ።»

«እሺ፣ አፉ ብያለሁ» አለች ሳሎሃት፣ ልማድ ነውና። ፊቷ ላይ ግን አንድ ነገር ሲያልፍ አይቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሥጋ ሻጩ ኤርጋሽ መጣ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ኮፍያውን በእጁ እያሸ በሩ ላይ ቆመ። «ኦፓ፣ በየሠርጉ ላይ ከላይ ጮማ አድርጌ ከሥር አጥንት እጨምር ነበር። አፉ ይበሉኝ።» ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች፤ ለሠርግ ከተጋገረው ዳቦ እየቀነሰች ለእህቷ ትልክ እንደነበር ተናዘዘች። ሌላዋ ድሮ ለዶኒዮር ታጭታ የነበረችውን ልጅ በሐሜት ያስቀረችው እሷ መሆኗን ተናገረች። ማፍቱና የሻይ ሳህን ይዛ ቆማ ይህን ስትሰማ፣ ትቆጣ ወይስ ታመስግን ግራ ገባት።

ሳቅ አፈነኝ። ሳሎሃትን ሳያት ግን አልሳቀችም። ሰዎቹ ሲወጡ መጋረጃውን ከእጄ ወስዳ ወደ ጎን አስቀመጠችው።

«ሆሲያት» አለች፣ «በእኛ አገር ሰው አፉ በሉኝ የሚባለው መቼ መቼ ነው?»

«ሐጅ ሲሄድ» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ልጅ ወታደር ቤት ሲገባ።»

«እኔ ሐጅ አልሄድ። ለወታደርነት እንኳ ጥርሴ አልቋል። ታዲያ ወዴት ነው የሚሸኙኝ?»

ሦስተኛውን አልተናገርኩትም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ዘንድ ነው ሰፈሩ ተራ ይዞ የሚገባው። ያንን ተራ ስንት ዓመት ስታስይዝ የኖረችው ራሷ ሳሎሃት ናት። በስንት በሽተኛ በር ቆማ «አንድ በአንድ ግቡ፣ አታስጨንቁት» ብላለች! ሞኞቹ በሽታውን ከእሷ ደበቁ፤ ልማዱን ግን ሊያስቀሩት አልቻሉም። አፉ ሳትላቸው ከሞተች ዕዳው በወዲያኛው ዓለም ይጠብቃቸዋልና፣ የእሷን ሕይወት ረስተው የየራሳቸውን ነፍስ ሊያድኑ ሮጡ።

«አንቺ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ልጆቼን ይንሳኝ አላውቅም ኦፓ።»

«አዎ፣ አንቺ ብታውቂ ኖሮ ባቡሩ ላይ እያለሁ እሰማው ነበር» አለች። ከዚያ ተነሳች። ግድግዳ ይዛ ነው የተነሳችው፣ ግን ተነሳች። ወደ ግቢው በር ሄዳ ተራ ሲጠብቁ የተቀመጡትን ሴቶች፣ ገና ያልሄደችውን ማህፉዛንም፣ አየች።

«ስሙኝ!» አለች በሠርግ ድምፅዋ። «ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አፉ አልልም። የበላችሁትን አጥንት፣ የሰረቃችሁትን ዳቦ፣ ያማችሁትን ሐሜት ይዛችሁ ወደየቤታችሁ! አፉ ያልኩትንም መልሻለሁ፤ ማህፉዛ፣ ያንቺንም መልሻለሁ!»

ማህፉዛ ራሷን ያዘች። ሰፈሩ ተሸበረ። ሰው በሽተኛዋን ረስቶ ስለ ራሱ ዕዳ ይጨነቅ ጀመር፤ ኤርጋሽ እንኳ እንቅልፍ አጣ አሉ። ኢማሙ እንዲያግባቧት ተላኩ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ተቀምጠው ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ልጄ፣ ይቅር ባይ መሆን መልካም ነው።»

«መልካም ነው ኢማም። ምን እንዳመመኝ ይንገሩኝና ይቅር እላለሁ።»

«ደም… ደም ማነስ አይደል የተባለው?»

«ለደም ማነስ አፉ ይባባላል? በየትኛው ኪታብ ነው?»

ኢማሙ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ለጤናዋ ዱዓ አድርገው ወጡ። ውሸት መናገር አልፈለጉም፣ እውነቱንም አልተናገሩም። እንዲህ ዓይነቱ ጽድቅ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ።

ዶኒዮር ከሥራ ሲመለስ እናቱ ግቢው ውስጥ ከወይኑ ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀችው። እኔ ልወጣ ስል «ቁጭ በይ፣ ምስክር ነሽ» አለችኝ።

«ዶኒዮር፣ ምን አመመኝ?»

«እማዬ፣ ነገርኩዎት እኮ፣ ደም…»

«ስማ ልጄ። ከዋሸኸኝ ያጠባሁህን ወተት አልምርልህም።»

እኛ ዘንድ ከዚህ የሚከፋ ቃል የለም። እናቱ የጡቷን ወተት ያልማረችለት ልጅ ሐጅ ቢሄድም፣ መስጊድ ቢያሠራም ዋጋ የለውም እንላለን። ማፍቱና ከጓዳ ውስጥ ጮኸች። ዶኒዮር መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ጉልበቷ ላይ አድርጎ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ካንሰሩን፣ ኮሪደሩን፣ በዚያ ሳምንት መጀመር የነበረበትን ሕክምና፣ የሮፊቅን ስብሰባ፣ የሴት ልጆቹን ባል።

ሳሎሃት አላለቀሰችም። እጇን ልጇ ራስ ላይ አሳረፈች። ቀጥላ የጠየቀችው ጥያቄ «እሞታለሁ?» የሚል አልነበረም።

«ከመጣን ስንት ጊዜ ሆነን?» አለች።

«ሦስት ሳምንት።»

እጇን አነሳች። «ሦስት ሳምንት! ሦስት ሳምንት ሮማን አበላችሁኝ! ደሙ የእኔ፣ ስብሰባው የእናንተ? ሮፊቅ ማን ሆኖ ነው በእኔ መቅኒ ላይ ሻይ የሚጠጣው? ልኑር ልሙት ብዬ የምወስነው እኔ አይደለሁም? ላልታከም እችል ነበር፤ ምናልባት እምቢ እል ነበር! ግን እኔ ነበርኩ እምቢ የምለው!»

«አዘንኩልዎት እማዬ፣ እንዳይጨነቁ ብዬ…»

«አንተ ነህ የተጨነቅከው። የእኔን እንባ ማየት ፈርተህ እኔን ሰዋኸኝ።» ትንፋሽ አጠራት፤ ውኃ ሰጠኋት። «እውነቱን ስለነገርከኝ ወተቱን ምሬልሃለሁ። ሦስቱን ሳምንት ግን አልምርህም። ተነስ፣ የባቡር ትኬት ቁረጥ።»

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ሮፊቅ ቤት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ያልኩትን ብጽፍ የዚህ ወረቀት ጨዋነት ይጠፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። በሽታውን ከባለቤቱ የደበቁትንስ ምን እንበላቸው? ለዚያ ተረት አልተሠራም።

ሆስፒታል አብሬያት ሄድኩ። ያው ዶክተር ነው። እኛ ሦስታችን ፊቱ ተቀምጠን እሱ ዓይኑን ዶኒዮር ላይ ተክሎ «እንግዲህ ባለፈው እንደነገርኩህ…» ሲል ሳሎሃት ጠረጴዛውን በጣቷ አንኳኳች።

«ዶክተር፣ ወዲህ ይዩ። መቅኒ የቀዳችሁት ከማን ነው?»

«ከእርስዎ፣ እናቴ።»

«ታዲያ ሲወጋ እኔ፣ ሲነገር እሱ?»

ዶክተሩ ቀላ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። ከዚያ በኋላ እውነት ለመናገር በደንብ ነገራት፤ በሽታው ምን እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ፣ ተስፋው ቀጭን እንደሆነ። መጨረሻ ላይ «ከሦስት ሳምንት በፊት ብንጀምር ኖሮ ይሻል ነበር» አለ።

«ይህን ለእኔ አይንገሩኝ» አለች። «ይህን ለእሱ ይንገሩት።»

ዶክተሩ ወደ ዶኒዮር ዞሮ ደገመለት። ዶኒዮር አንገቱን ደፋ። ሳሎሃት ጥቂት አሰበች፣ ማንንም አላማከረችም። «እኔ ድግስ ሊበላሽ ይችላል ብዬ ድስት ሳልጥድ ቀርቼ አላውቅም» አለች። «ጀምሩ።»

የክፍሉ በር ላይ ዶኒዮር እጇን ይዞ አፉ ይበሉኝ አላት።

«አልልም» አለች። «አፉ የሚባለው የሚሄድ ሰው ነው፤ እኔ ልታከም ገባሁ እንጂ የትም አልሄድኩም። ጊዜው ሲደርስ እኔ ራሴ ጠይቀኝ እልሃለሁ። እስከዚያ ተሸክመኸው ኑር።»

ክረምቱ ክፉ ነበር። ጸጉሯ ረገፈ፣ አፏ ቆሰለ፣ ትኩሳቱ የሞት አፋፍ ድረስ ወስዶ መለሳት። ዶኒዮር በየሳምንቱ በባቡር እየሄደ፣ የሆስፒታሉን ኮሪደር ይጠርግ ይመስል ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል። በሄደ ቁጥር አፉ ይበሉኝ ይላል፤ በሄደ ቁጥር «አልደረሰም» ትለዋለች። እሱን አይቶ የማይራራ የለም፤ እኔም ራራሁለት፣ ግን ብዙ አይደለም።

አንድ ጊዜ ስሄድ ጆሮዬን ስባ «ሆሲያት፣ አጠገቤ የተኙትን ሴቶች ምን አመማቸው መሰለሽ?» አለችኝ።

«ምን?»

«ደም ማነስ! ያቺም ደም ማነስ፣ ያቺም ደም ማነስ! ክፍሉ ሙሉ ደም ማነስ! ሁላችንም ራሰ በራ ነን፣ ሁላችንም አንድ መድኃኒት በክንዳችን ይንጠባጠባል፤ እነሱ ግን ልጆቻችን ደም ማነስ ብለውናል ይላሉ።»

«ነገሯቸው?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? እኔም ሮፊቅ ልሁን? ሐኪሙ ሲመጣ ጠይቁት ብቻ አልኳቸው። አንዷ ጠየቀች። ሌሎቹ ግድግዳውን ያያሉ። አለማወቅ የፈለገ መብቱ ነው፤ ግን እሱ ይፈልግ እንጂ ሌላ አይፈልግለት።»

በጸደይ፣ ዛፉ ሁሉ ሲያብብ፣ ዶክተሩ በሽታው በመቅኒዋ ውስጥ አይታይም አላት። ለእሷ ነው የነገራት፣ በቀጥታ። ሻሽ አስራ ወደ ሰፈር ተመለሰች። ሰፈሩ በደስታ አበደ፤ ግማሹ ደስታ ግን የስጋት ነበር፣ ሁሉም የተናዘዘውን ታውቃለችና። መጀመሪያ የመራችው ሠርግ የኤርጋሽ ሴት ልጅ ሠርግ ነው። ሥጋው ሲመጣ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ድስቱ ሥር ሰደደች። ኤርጋሽ አጠገቧ ቆሞ ላቡ ይወርዳል።

«ዛሬ አጥንት የለም» አለች። «ለካ ያለ አጥንትም ትችላለህ!»

ጓዳው በሳቅ ፈረሰ። ማህፉዛም መጥታ ነበር፤ የተጣሉበትን የመቀመጫ ነገር እንደ አዲስ አንስተው ሲከራከሩ ዋሉ። ለአንዱም ግን አፉ አላለችም። «ጤነኛ ሰው ምን አፉ ይላል?» ትላለች። ሰዉም ይህን እንደ በረከት ወሰደው። ሳሎሃት አፉ አላለችም ማለት ሳሎሃት አለች ማለት ሆነ።

ሀብሀብ በየመንገዱ ዳር በሚከመርበት ወር ለምርመራ ሄዳ መቅኒ ሰጥታ ተመለሰች። ጥቂት ቀን ቆይቶ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጠናል፤ ሳሎሃት ሀብሀብ ትቆርጣለች፣ ልጆቹ ጭማቂው እስከ ክርናቸው ወርዷል፣ ማፍቱና ታጥባቸዋለች። የዶኒዮር ስልክ ጠራ። ሆስፒታሉ ውስጥ ዛሬም ቁጥሩ የተመዘገበው የልጅየው ነው፤ ስንት ጊዜ አስተካክሉ ብትል ያስተካከለ የለም።

ዶኒዮር ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ተነሳ። «አቤት ዶክተር» አለ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። እግሩ ወደ ግቢው በር፣ ወደ ውጭ፣ ሰው ወደማይሰማበት መራመድ ጀመረ። ይኸው ደግሞ ሊጀምር ነው ብዬ ቢላዋውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ፤ ምን ላደርግበት እንደነበር አላህ ያውቃል።

በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ዶክተር፣ ይቆዩ» አለ። «ለእኔ አይንገሩኝ።» ተመልሶ መጥቶ ስልኩን ለእናቱ ሰጣት።

ሳሎሃት በሀብሀብ የራሰ እጇን ጠርጋ ተቀበለችው። ብዙ ሰማች። «እሺ» ትላለች። «መቅኒው ውስጥ ነው? እሺ። እንደገና ቢጀመርስ? … ያድናል ወይስ ያቆያል? … እውነቱን ይንገሩኝ። … እሺ። አመሰግናለሁ ዶክተር። አይ፣ አልመጣም። አዎ፣ እኔ ነኝ የወሰንኩት።»

ስልኩን ዘጋች። ማፍቱና ልጆቹን ወደ ቤት አስገባች።

«ዶኒዮር፣ ና ተቀመጥ» አለች። አጠገቧ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው። «ተመልሷል ልጄ። መድኃኒቱ ከእንግዲህ ጥቂት ያቆየኛል እንጂ አያድነኝም። እዚያ ተኝቼ ከምቆይ እዚህ ተቀምጬ መሄድን መርጫለሁ። ይህን ከእኔ ነው የሰማኸው፤ ለማንም መደበቅ የለብህም።»

ዶኒዮር ዓይኑን ወደ ተዘጋው ስልክ መለሰ።

«በል አሁን ጠይቀኝ» አለችው።

ክረምቱን ሙሉ በየበሩ ሲለምናት የኖረ ልጅ እጇን ከፊቱ ላይ አላቀቀ። «አልጠይቅም!» ብሎ ጮኸ። «አልጠይቅም እማዬ! ተሸክሜው እኖራለሁ! አይበሉኝ!»

«ጠይቀኝ እንጂ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እኔ ግን በቁጣ እያለቀስኩ ነበር፣ በማን ላይ እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ። «ሰው ሁሉ ደብቆኝ በር በሩን ሲሄድ አንተ ተመልሰህ ስልኩን ሰጠኸኝ። አሁን ነው ልጄ። ጠይቀኝ።»

ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ሥር ጠየቃት፤ እኔ አልሰማሁትም፣ እሷ ሰማችው።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለች። «ሦስቱንም ሳምንት።»